ከሁለተኛው ዴስክቶፕ ወደ ዳታቤዙ መግባት አልቻልኩም፤ የአባላት ቁጠባ ነውና እርዱኝ

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። 612 አባላት አሉን። አብዛኞቹ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እናቶች፣ ሸማኔዎችና የባጃጅ አሽከርካሪዎች ናቸው።

ሥራችን ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ሲሠራ ቆየ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8.0 ሲሆን መመዝገቢያ ቅጹ ደግሞ በማይክሮሶፍት አክሰስ 2010 የተሠራ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ኦዲቢሲ በሚባለው የፕሮግራምና የዳታቤዝ ማገናኛ በኩል ነው። አሁን ለገንዘብ ተቀባይዋ ሁለተኛ ዴስክቶፕ ተገዛላት፤ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት ነው። ሁለቱም ማሽኖች በገመድ ከአንድ ራውተር ጋር ተያይዘዋል።

በአዲሱ ማሽን የኦዲቢሲ ድራይቨሩን፣ ማለትም አገናኝ ፕሮግራሙን፣ ጫንኩ፤ የመረጃ ምንጩንም (ዳታቤዙ የት እንዳለና በየትኛው ድራይቨር እንደሚገባ የሚይዘውን ስም) ፈጠርኩ። አክሰስን ስከፍተው ግን «የመረጃ ምንጩ ስም አልተገኘም፣ ነባሪ ድራይቨርም አልተገለጸም» ይለኛል፤ ኮዱ አይኤም 002 ነው። ምንጩን በገዛ እጄ ነው የፈጠርኩት፤ ስሙም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በዓይኔ የማየውን ነገር እንዴት የለም ይለኛል? ዓርብ ወርኃዊ መዋጮ የምንሰበስብበት ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት መድረስ አለብኝ።

ፒያሳ ጥገና | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

እኅቴ፣ ምንጩ አለ፤ አክሰስ በማያይበት ቦታ ግን ነው የተቀመጠው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሁለት የኦዲቢሲ ማስተዳደሪያዎች አሉት። አንዱ ለ64 ቢት፣ ሌላው ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ነው። በአንዱ የተፈጠረ የሲስተም ምንጭ ለሌላው አይታይም። ኦፊስ 2010 ካልመረጡ በስተቀር ራሱን የሚጭነው በ32 ቢት ስለሆነ የእርስዎ አክሰስም 32 ቢት ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ አክሰስን ከፍተው ታስክ ማናጀርን ይመልከቱ፤ ከስሙ አጠገብ «32 ቢት» ተብሎ ይጻፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፎልደሮቹ ስም ነው። «ሲስተም 32» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ማስተዳደሪያ የ64 ቢቱ ነው። የ32 ቢቱ ደግሞ «ሲስዋው 64» ውስጥ ነው ያለው። ስሞቹ የተገላቢጦሽ ስለሆኑ ልብ ይበሉ። የሁለቱ ፋይሎች ስም አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ የ32 ቢቱን የማይኤስኪውኤል ኦዲቢሲ ድራይቨር ይጫኑ። ድራይቨሩ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ማስኬጃን ይፈልጋል፤ እሱም የ32 ቢቱ መሆን አለበት። ከዚያ በ32 ቢቱ ማስተዳደሪያ ምንጩን በዚያው ስም እንደገና ይፍጠሩ። «የተጠቃሚ» ሳይሆን «የሲስተም» የሚለውን ይምረጡ። በተጠቃሚ ስር ከተፈጠረ ገንዘብ ተቀባይዋ በራሷ ስም ስትገባ አታገኘውም።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ሰኞ፣ ከቀኑ 8:05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንዳሉት 32 ቢት ነው። ድራይቨሩን ጫንኩ፤ ምንጩንም ፈጠርኩ። አይኤም 002 ጠፋ። አሁን ደግሞ መሞከሪያውን ቁልፍ ስጫን 20 ሰከንድ ያህል ይቆይና «ከማይኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል፤ ቁጥሩ 2003 ሲሆን በቅንፍ ውስጥ 10060 የሚል አለ። ዳታቤዙ ያለበት የድሮው ማሽን (ሰርቨሩ) አድራሻ 192.168.1.10፣ የአዲሱ 192.168.1.11 ነው። የተሻሻለ ነገር ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

የአዘዞ ልጅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8:30

እኅት፣ ብዙ አይጨነቁ። ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎሉን (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደውን) ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ከዚያ ሩት የሚባለውን ዋና ተጠቃሚ ከየትኛውም ቦታ እንዲገባ ይፍቀዱለት፤ በአስተናጋጅ ስም ቦታ የ% ምልክት ማድረግ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እኔ ሦስት ቢሮ በዚህ መንገድ ሠርቼ እስከ ዛሬ ችግር አልሰማሁም።

ፒያሳ ጥገና | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:10

በዚህ አልስማማም፤ እኅታችንም እንዳያደርጉት እለምናለሁ። ሩት ማለት ሰንጠረዥ የሚሰርዝ፣ ዳታቤዙን በአንድ ትእዛዝ የሚያጠፋ ሥልጣን ነው። የማይኤስኪውኤል ኦዲቢሲ ምንጭ የይለፍ ቃል ካስቀመጡበት በዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ያለ ምንም መሸፈኛ ይጻፋል፤ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው ይችላል። ሩትን እዚያ ጻፍን ማለት የ612 ሰው ቁጠባ ቁልፍ ገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ራውተሩ ደግሞ ለእንግዳ ዋይፋይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ፋየርዎል የሌለው ሰርቨር ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ስልኩን ለሚነካካ ሁሉ ክፍት ይሆናል።

ጡረተኛ መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ልጄ፣ «የተሻሻለ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም» ያልሽው ስላሳሰበኝ ነው የምጽፈው። ተሻሽሏል። የስሕተቱ መልእክት በተለወጠ ቁጥር አንድ ደጅ አልፈሻል ማለት ነው።

እኛ የጎንደር ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፋሲል ግቢ 12 በሮች ነበሩት። ፊት በር አለ፣ እምቢልታ በር አለ፣ ባልደራስ በር አለ፣ እልፍኝ በር አለ፤ ሁሉም እንደየጉዳዩ የሚገባበትን ያውቃል። የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ግቢው ነው፤ ፖርት የሚባለው ቁጥር በሩ ነው። በአማርኛ ፖርትን «ወደብ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ለእኔ ግን «በር» ይበልጥ ይገልጸዋል። የበሮቹ ቁጥር እስከ 65535 ይደርሳል። ማይኤስኪውኤል በ3306 በር ይቀመጣል፤ ከሌሎቹ ዳታቤዞች ፖስትግሬኤስኪውኤል በ5432፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ በ1433።

አሁን ቁጥሮቹን አንብቢያቸው። 10060 ማለት አንኳኩተሽ አንኳኩተሽ ማንም ሳይመልስልሽ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፋየርዎል ሥራ ነው፤ ዘበኛው ሰምቶ ዝም ብሏል። ግቢው ጭራሹኑ በዚያ አድራሻ ከሌለም ይኸው ነው የሚመጣው። 10061 ማለት ወዲያው «በዚህ በር የሚቀበል የለም» ተባልሽ ማለት ነው። ግቢው አለ፣ ዘበኛውም አሳልፎሻል፣ ውስጥ ግን የተቀመጠ የለም። 1130 ከመጣ ደስ ይበልሽ፤ ማይኤስኪውኤል ራሱ በሩን ከፍቶ «አንቺ ከመጣሽበት ቦታ የሚመጣ ሰው በመዝገቤ የለም» ብሎሻል። 1045 ደግሞ ስምሽና የይለፍ ቃልሽ ከመዝገቡ ጋር አልገጠሙም ማለት ነው።

ያ ወጣት እንዳለው በሮቹን ሁሉ ብትበረግጅያቸው ትገቢያለሽ፤ የትኛው በር ተዘግቶ እንደነበር ግን ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። አንድ በር ብቻ ክፈቺ፤ ከዚያ መልእክቱን አንብቢ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ፒያሳ ጥገና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

ጋሼ እንዳሉት ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ በዊንዶውስ ፋየርዎል አዲስ የመግቢያ ደንብ ያውጡ። ቲሲፒ፣ ፖርት 3306፣ ለ«ግል» ኔትወርክ ብቻ፤ በርቀት አድራሻው ቦታ 192.168.1.11 ብቻ ይጻፉ። ኔትወርኩ «የሕዝብ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ደንቡ ስለማይሠራ መጀመሪያ ወደ «ግል» ይቀይሩት።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

10061 መጣ! ኔትወርኩ በእርግጥ «የሕዝብ» ተብሎ ነበር። ጋሼ፣ የጻፉልኝን በወረቀት ገልብጬ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ፒያሳ ጥገና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:35

ደግ ነው። ሰርቨሩ ማሽን ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ይክፈቱና «ኔትስታት» የሚለውን ከሰረዝ «ኤኤንኦ» ጋር ያስኪዱ። ከ3306 በፊት 0.0.0.0 ካለ ማይኤስኪውኤል ለሁሉም ይሰማል። 127.0.0.1 ካለ የሚሰማው ለራሱ ማሽን ብቻ ነው።

127.0.0.1 ከሆነ አንድ ሰው ሆን ብሎ አስሮታል ማለት ነው፤ ዳታቤዙ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ሲሠራ ለነበረ ጊዜ ይህ ትክክል ነበር። ማሰሪያው «ኤምዋይ ነጥብ አይኤንአይ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ያለበት «ፕሮግራም ዳታ» ፎልደር የተሰወረ ስለሆነ የተሰወሩትን እንዲያሳይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከመንካትዎ በፊት ፋይሉን ገልብጠው ያስቀምጡ። «ባይንድ አድሬስ» የሚለውን መስመር ወደ 192.168.1.10 ሳይሆን ወደ 0.0.0.0 ይቀይሩት፤ የድሮው ዴስክቶፕም በ127.0.0.1 መግባቱን እንዲቀጥል ነው። ከውጭ የሚመጣውን የሚጠብቀው ዛሬ ጠዋት ያወጡት የፋየርዎል ደንብ ነው። ኖትፓድ ላይ ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉ (የፊደል ስልቱ) «ኤኤንኤስአይ» ይሁን። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ የዩኒኮድ ምልክት ከገባበት ሰርቨሩ አልነሣም ይላል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ያጣሁበት ጊዜ አለ። በመጨረሻም አገልግሎቱን አጥፍተው ያስነሡት፤ ፋይሉ የሚነበበው ሲነሣ ብቻ ነው።

ከደባርቅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:00

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የእኔ ደግሞ 2059 ይላል፤ ስለ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ፕለጊን ይናገራል። ድራይቨሩን ከጓደኛዬ ፍላሽ ነው የገለበጥኩት።

ፒያሳ ጥገና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:20

ድራይቨርዎ አርጅቷል። ማይኤስኪውኤል 8.0 ሲመጣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫውን ስልት ቀይሯል፤ የ5.1 ዘመን ድራይቨር አዲሱን አያውቀውም። ሰርቨሩን ወደ ድሮው ስልት መመለስ ይቻላል የሚሉ ይኖራሉ። ያንን ትተው አዲስ ድራይቨር ከራሱ ከማይኤስኪውኤል ገጽ ያውርዱ።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:45

127.0.0.1 ነበር። ቀየርኩት፤ አገልግሎቱንም አስነሣሁት። አሁን 1130 ይላል። ጋሼ፣ ደስ ይበልሽ ባሉኝ መሠረት ደስ ብሎኛል።

ፒያሳ ጥገና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:30

ማይኤስኪውኤል አንድን ተጠቃሚ የሚያውቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በስሙና በመጣበት ቦታ አንድ ላይ ነው። ከራሱ ማሽን የሚገባ «ሩት» እና ከ192.168.1.11 የሚመጣ «ሩት» ለእሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛውን ደግሞ አንፈልገውም።

ለገንዘብ ተቀባይዋ አዲስ ተጠቃሚ ይፍጠሩላት፤ የመምጫ ቦታዋ 192.168.1.11 ብቻ ይሁን። በአባላትና በመዋጮ ሰንጠረዦች ላይ ማንበብና አዲስ መስመር ማስገባት ብቻ ይፍቀዱላት። መሰረዝና ማስተካከል አይስጧት። ሰው ሲሳሳት በተቃራኒ መዝገብ ይታረማል እንጂ የተጻፈው አይፋቅም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ገባሁ። ሰንጠረዦቹ ተከፈቱ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ስሞቹ ግን በሙሉ «????» ሆነው መጡ። በድሮው ዴስክቶፕ ላይ ሳያቸው በትክክል ይነበባሉ። እናቶቻችን ስማቸውን ሲፈልጉ የጥያቄ ምልክት ሊያዩ ነው?

ፒያሳ ጥገና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

አሁኑኑ ሥራ ያቁሙ! በአዲሱ ማሽን ምንም እንዳይመዘገብ። ከዚያ ድራይቨሩን ይመልከቱ። ጫኙ ሁለት ድራይቨሮችን ነው የሚያስቀምጠው፤ «ኤኤንኤስአይ» እና የእኛን ፊደል የሚችለው «ዩኒኮድ»። በዝርዝሩ የመጀመሪያው «ኤኤንኤስአይ» ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል። ምንጩን ሰርዘው በ«ዩኒኮድ» ድራይቨር እንደገና ይፍጠሩት።

ያስቸኮልኩበት ምክንያት ይህ ነው። እያነበቡ የሚታይ የጥያቄ ምልክት ጉዳት የለውም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ፊደል ደኅና ነው። በዚያ ድራይቨር የተጻፈ ስም ግን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ለመለየት ስሙን በ«ሄክስ» ያውጡት፤ የተቀመጡትን ባይቶች በኮድ የሚያሳይ የማይኤስኪውኤል ትእዛዝ ነው። የፊደላችን ዋናው ክፍል በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ ስልት) እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሁሉም «ኢ1» ብሎ ይጀምራል። ለምሳሌ «ሀ» ኢ1 88 80 ነው። የጥያቄ ምልክት ኮድ የሆነው 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ እያለ የሚደጋገም ካገኙ ስሙ ጠፍቷል፤ ከወረቀቱ መዝገብ እንደገና መጻፍ አለበት።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:30

ተመስገን። በዩኒኮድ ድራይቨር ሁሉም ስም ተነበበ። በመካከሉ የተመዘገበችው አንዲት አዲስ አባል ብቻ ነበረች፤ 3ኤፍ ሆና አገኘኋት። በድሮው ማሽን ከቅጿ ላይ እንደገና ጻፍኳት።

ማራኪ ሠፈር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

ስለ ስሞች ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ለዳታቤዙ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» ብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሃይ» ብሎ የሚፈልግ ገንዘብ ተቀባይ አያገኛትም፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይመዘግባታል። እኛ ጋ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተገኝቷል። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ግን ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት የመፈለጊያ ዓምድ ጨምሩ።

ጡረተኛ መምህር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ልጄ፣ ቀኖቹንስ እንዴት ነው የምትመዘግቡት? በዘመን አቆጣጠራችን በቀጥታ ከሆነ ነገሩ ያሳስበኛል።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

ጋሼ፣ በቀጥታ በእኛ ቀን ነው፤ በቀን ዓይነት ዓምድ ውስጥ። ጳጉሜን አልቀበልም ስለሚል ጳጉሜ ላይ የተከፈለውን መስከረም 1 ብለን እንጽፍ ነበር። ጥቅምት 30ንም እንቢ ይላል፤ ምክንያቱን አላወቅነውም።

ሌላም አለ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 10060 ተመልሶ መጣ። ከደነገጥኩ በኋላ ከጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ፤ «ግቢው በዚያ አድራሻ ከሌለ» የሚለውን። አይቼ ነው፤ ሰርቨሩ 192.168.1.15 ሆኗል።

ፒያሳ ጥገና | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:50

ራውተሩ ሲነሣ አድራሻ እንደገና ያድላል። ራውተሩ ላይ ለሁለቱም ማሽኖች ቋሚ አድራሻ ያስይዙላቸው፤ የሁለቱንም፣ ምክንያቱም የፋየርዎሉ ደንብና የተጠቃሚዋ ፈቃድ በ192.168.1.11 ላይ የቆሙ ናቸው። ሰርቨሩና ራውተሩ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) ይሁኑ። ሰንጠረዦቹም ሁሉ «ኢኖዲቢ» በሚባለው የማከማቻ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጡ። ኢኖዲቢ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተጨረሰውን ከራሱ መዝገብ አይቶ ያስተካክላል፤ የድሮው «ማይአይሳም» ግን እንዲህ አያደርግም።

ጡረተኛ መምህር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5:10

የፈራሁት ደርሷል። የቀን ዓምዱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ ጥቅምት 30ን «ፌብሩዋሪ 30» ብሎ ያነበዋል፤ እንደዚያ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች ቦታ የላትም።

እምቢ ካለው ይልቅ የተቀበለው ይብሳል። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2015 በእኛ 30 ቀን ነው። ዳታቤዙ ግን ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ማርች 1 ብሎ 28 ቀን ይቆጥራል። ወለድ በቀን የምታሰሉ ከሆነ የሁለት ቀን ወለድ ከአባሏ ላይ ቀርቷል፤ ማንም ሳያውቅ። ዓምዱ ውስጥ የጎርጎርዮሱን ቀን አስቀምጡ፤ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ተብሎ ይግባ። ቅጹ ላይና ደረሰኙ ላይ ወደ እኛ ቀን ተለውጦ ይታይ። የድሮዎቹን መዝገቦች ግን ከደረሰኝ ጋር እያመሳከራችሁ ለውጡ፤ መስከረም 1 ከተባሉት ውስጥ የጳጉሜዎቹን የሚለይ ደረሰኙ ብቻ ነው።

የአዘዞ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ዛሬ ከሦስቱ ቢሮዎች ሁለቱ ዘንድ ሄጄ የሩትን ፈቃድ አነሣሁ፤ ፋየርዎሉንም መለስኩ። በአንደኛው የይለፍ ቃሉ የድርጅቱ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ቀይሬዋለሁ። ሦስተኛው ነገ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከመንካቴ በፊት ቅጂ ለመያዝ የማይኤስኪውኤልን መገልበጫ በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) አስኬጄ ፋይሉን መልሼ ስጭነው አልነበብ አለኝ።

ፒያሳ ጥገና | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድሜ፣ ሄደው ስላስተካከሉ አመሰግናለሁ። ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው ፓወርሼል በ«>» ምልክት ወደ ፋይል ሲያወጣ በዩቲኤፍ 16 ይጽፈዋል፤ መልሶ መጫኛው ያንን አይቀበልም። በምልክቱ ፈንታ «ሪዛልት ፋይል» የሚለውን የመገልበጫውን የራሱን አማራጭ ይጠቀሙ፤ የፊደል ስልቱንም ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ብለው ይግለጹ። እኅታችንም ከነገው መዋጮ በፊት እንዲሁ ያድርጉ፤ ቅጂውን በሌላ ዳታቤዝ ስም መልሰው ጭነው ይዩት።

ሒሳብ ያዥ ከጎንደር | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

ቅጂውን «ሙከራ» በሚል ስም መልሼ ጫንኩት። 612 አባላት፣ አንዲቷ አዲስ ስትጨመር 613። ከወረቀቱ መዝገብ ላይ በየገጹ አንድ አንድ ስም እያነሣሁ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር አመሳከርን፤ ስሙም ቀሪ ሒሳቡም ገጠመ። የቀኖቹን ማረም ከደረሰኝ ጋር ሰኞ እንጀምራለን፤ እስከዚያ ወለድ አናሰላም ብለን ለሰብሳቢያችን በጽሑፍ አሳውቀናል። መስኮቱን 3 ሰዓት ላይ እንከፍታለን፤ ደጅ ላይ ከወዲሁ ሰባት ሰዎች ተሰልፈዋል።